ዱላው ከማን ጋር ይሂድ?

በቤታችሁ ከበሩ ጀርባ የቆመ ዱላ አለ? በከተማ ያደጋችሁ ብትሆኑ እንኳ አያቶቻችሁን ልትጠይቁ ገጠር ስትወርዱ ሳታዩት አትቀሩም። ሽማግሌው ሲወጡ አብሯቸው ይወጣል፤ ሲገቡ ቦታው ላይ ይቆማል። እንግዳ ከደጅ ሲደርስ ዱላው በቦታው ካለ አባወራው ቤት እንዳሉ ያውቃል። ባለቤቱ የሞቱ ዕለትስ ያ ዱላ ወዴት ይሄዳል?

የጥንት ግብፃውያን ይህን ጥያቄ ጠይቀው መልስ ሰጥተውበታል። «ከባለቤቱ ጋር ወደ መቃብር» የሚል ነበር መልሳቸው። በዚህ ጽሑፍ የእነሱን መልስ፣ ቀጥሎም በሰሜን ወሎ በሲሪንቃ ያየሁትን ሌላ መልስ ላጫውታችሁ። ሁለቱን ጎን ለጎን ሳስቀምጣቸው ስለ እኛ ስለ ወጣቶቹ የሚናገሩት ነገር አገኘሁባቸው።

እንግሊዛዊው ሃዋርድ ካርተር እ.ኤ.አ. በ1922 ከሉክሶር ማዶ በነገሥታት ሸለቆ የቱታንካሙንን መቃብር አገኘ። የወርቁን ጭምብል ሥዕል ያላያችሁ ጥቂት ናችሁ። ከወርቁ ጋር ግን ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር ነበር፤ 130 ያህል ዱላዎችና በትሮች። ንጉሡ የሞተው ከ3300 ዓመት ገደማ በፊት ሲሆን ሃያ ዓመት እንኳ አልሞላውም ነበር። ይህ ሁሉ ምርኩዝ ለአንድ ወጣት!

ዱላዎቹ አንድ ዓይነት አይደሉም። ሁለቱ ጫፋቸው ላይ የልጁ ንጉሥ ትንሽ ምስል ቆሞባቸዋል፤ የአንደኛው ከወርቅ፣ የሁለተኛው ከብር የተሠራ ነው። ሌሎቹ እንደ ከዘራ ቆልመም ያሉ ናቸው። ቆልማማው ክፍል በታሰሩ ምርኮኞች አምሳል ተቀርጿል፤ አንዱ የእስያ ሰው፣ ሌላው ከግብፅ በስተደቡብ የሚኖር ጥቁር ሰው። ለእስያው ሰው የዝሆን ጥርስ፣ ለጥቁሩ ሰው ደግሞ ዞጲ ተመርጦለታል። ንጉሡ ዱላውን በያዘ ቁጥር ጠላቶቹን በመዳፉ ይዟል ማለት ነው። አንደኛው ዱላ ግን ተራ ሸምበቆ ነው። ወርቅ ተለብጦበት፣ ግርማዊነቱ በገዛ እጁ የቆረጠው መሆኑ ተጽፎበታል። ልጁ አንድ ቀን ወንዝ ዳር ወርዶ ሸምበቆ ቆርጧል፤ ሰዎቹም ያቺን ቀን ከነሸምበቆዋ አብረውት ቀበሯት።

እ.ኤ.አ. በ2010 አስከሬኑን የመረመሩ ሊቃውንት ግራ እግሩ ችግር እንደነበረበት ጽፈዋል። እንዲያም ሆኖ በመቃብር ውስጥ የዱላ መኖር የእሱ የብቻው ጉዳይ አልነበረም። ከእሱ ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት፣ ከዛሬ 4000 ዓመት ገደማ ጀምሮ፣ የግብፅ ሹማምንት ዱላቸው በሬሳ ሣጥናቸው ውስጥ ከጎናቸው ይጋደም ነበር። በሣጥኑ የውስጥ ግድግዳም ላይ ከጫማው፣ ከቀስቱና ከጌጡ ጋር የዱላ ሥዕል ይሣልላቸው ነበር። እንጨቱ ቢበሰብስ ሥዕሉ እንዲተካው ነው። የኒውዮርኩ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ሰዎች በ20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ላይ ሊሽት በተባለ ስፍራ ሰነብቲሲ የተባለች እመቤት መቃብር ሲከፍቱም ዱላዎችና በትረ መንግሥት የሚመስሉ ነገሮች አብረዋት ተቀብረው አገኙ። በሕይወቷ ንግሥት አልነበረችም። በሞቷ ግን እንደ ንጉሥ፣ ከሞት ተነሣ ብለው እንደሚያምኑት እንደ ኦሲሪስ፣ ተሰናድታ ሄደች።

ለምን ይህን ያህል ደከሙ? አንደኛው ምክንያት ግልጽ ነው። ሙት ይነሣል፣ ይራመዳል፣ መንገዱም ሩቅ ነው ብለው ያምኑ ነበር፤ ሩቅ ለሚሄድ ሰው ደግሞ ዱላ ይሰጣል። ሁለተኛው በጽሕፈታቸው ውስጥ ይገኛል። በሥዕል ፊደላቸው የዱላ ምልክት «መዱ» ተብሎ ይነበባል። ይኸው ቃል «ዱላ» ማለት ነው፤ «መናገር» እና «ቃል» ማለትም ነው። ጽሕፈታቸውን ራሱን «የአምላክ ቃል» ይሉት ነበር፤ ሲጽፉትም በዱላ ምልክት ነው። ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። በሽምግልና ላይ አዛውንት ሊናገሩ ሲነሡ ዱላቸውን ተክለው፣ ሁለት እጃቸውን ጫፉ ላይ ደራርበው ሲቆሙ አይታችሁ የለ? ዱላው የተተከለ እንደሆነ ጉባኤው ጸጥ ይላል። ግብፃዊውም ከዱላው ጋር የተቀበረው በወዲያኛው ዓለም ቆሞ የሚናገር፣ ቃሉ የሚሰማ ሰው ሆኖ እንዲገኝ ነው።

እንጨቱም ቢሆን ከእኛ አቅጣጫ የሄደ አለበት። ዞጲ በግብፅ አይበቅልም፤ ከደቡብ ይመጣ ነበር። ንግሥት ሃትሼፕሱት ወደ ፑንት የላከቻቸው መርከቦች ከዕጣንና ከከርቤ ዛፍ ጋር ዞጲ ጭነው መመለሳቸው በዴር ኤል ባህሪ ቤተ መቅደሷ ግድግዳ ላይ ተቀርጾ ይታያል። ብዙ ሊቃውንት ፑንትን የሚፈልጓት በቀይ ባሕር ደቡብ፣ እኛ በምንኖርበት የአፍሪካ ቀንድ አካባቢ ነው።

በአገራችንም ለሙታን እንጨት የሚቀርጹ ሕዝቦች አሉ። በኮንሶ ጀግና ሲሞት «ዋካ» የተባለ ሐውልት ከጠንካራ እንጨት ተጠርቦ በመቃብሩ ላይ ይቆምለታል። ሟቹ መካከል ላይ ይሆናል፤ ሚስቶቹ፣ የገደላቸው ጠላቶችና አውሬዎች ግራና ቀኝ ይሰለፋሉ። የኮንሶ መልክዓ ምድር እ.ኤ.አ. በ2011 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ እነዚህ ሐውልቶች ከቅርሱ መካከል ተቆጥረዋል። ብዙዎቹ ዋካዎች ተሰርቀው በጥንታዊ ዕቃ ነጋዴዎች እጅ ገብተዋል። የተወሰኑት በካራት ሙዚየም ይጠበቃሉ። እንግዲህ ልዩነቱን አስተውሉ። ግብፃዊው እንጨቱን ከሟቹ ጋር ከመሬት በታች ይደብቀዋል፤ ኮንሶው ደግሞ የቆሙት እንዲያዩት ከመሬት በላይ ያቆመዋል።

ወደ ሲሪንቃ ልውሰዳችሁ። ከወልድያ ወደ መርሳ ስትወርዱ በሀብሩ ወረዳ የምትገኝ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 1850 ሜትር ገደማ ከፍታ ያላት የማሽላና የጤፍ አገር ናት። ስሟን የሰማችሁ ከሆነ በግብርና ምርምር ማዕከሏ ሳይሆን አይቀርም። የእናቴ ወገኖች የዚያ አገር ሙስሊሞች፣ የአባቴ ወገኖች ክርስቲያኖች ናቸው። ለወሎ ሰው ይህ የሚደንቅ አይደለም።

የእናቴ አባት ዱላ ወይራ ነበር። እንዴት እንደተሠራ ራሳቸው ነግረውኛል። እርጥቡ ወይራ ተቆርጦ ይላጣል፤ በትኩስ አመድ እየሞቀ ይቃናል፤ ከምድጃው በላይ ተሰቅሎ ጭስ ይጠጣል፤ ከዚያ ቅቤ እየተቀባ ይታሻል። ከመያዣው በታች የመዳብ ሽቦ ተጠምጥሞበታል፤ ከታች ደግሞ ድንጋይ እንዳይበላው ብረት ገብቶለታል። ከሰላሳ ዓመት በላይ ይዘውታል። መዳፋቸው የሚያርፍበት ቦታ ከሌላው ጠቁሮና ለስልሶ ነበር።

ሲሞቱ ለቅሶ ደርሻለሁ። የቅሬው ሰዎች ቀድመው ደርሰው፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አንድ ላይ መቃብሩን ቆፍረዋል። ድሮ በእኛ አገር ለቅሶ የሟች ጋሻና ጦር፣ ጠመንጃና ልብስ በለቅሶው መካከል ከፍ ብሎ እየታየ ሙሾ ይወርድ ነበር። የአያቴ ዕቃ ዱላቸው ብቻ ነው። ታላቋ አክስቴ እሱን ይዛ አለቀሰች። አስከሬኑ ሊነሣ ሲል ግን ዱላውን አልለቅም አለች።

«አብሯቸው ይግባ» አለች።

ሴቶቹ ዝም አሰኟት፤ እሷ ግን አልተወችም። ሼኹ ቀርበው በለሆሳስ፣ «ልጄ፣ ሰው ወደ አላህ የሚሄደው በከፈኑ ነው። ሌላ የሚገባ ነገር የለም» አሏት።

«እሱ እኮ ነው የደገፋቸው» አለች አክስቴ። «ልጆቻቸው የት ነበርን? ሁለቱ ሳዑዲ፣ እኔ ደሴ፣ እህቴ አዲስ አበባ። ሲነሡም ሲወድቁም አብሯቸው የነበረው ይኼ እንጨት ነው። ዛሬ እንዴት ብዬ ልለያቸው?»

መልስ የሚሰጣት ጠፋ። እኔም በዚያ ሰዓት ስለ ግብፅ አላሰብኩም። በኋላ ግን የቱታንካሙንን ዱላዎች ፎቶግራፍ ሳይ ድምፅዋ በጆሮዬ መጣ። እነዚያን ዱላዎች በመቃብሩ ውስጥ የደረደሩት እጆች የጣዖት አምላኪ እጆች ናቸው ብለን ልናልፋቸው እንችላለን። ግን ከመካከላቸው አንዱ ያቺን ሸምበቆ አንሥቶ «ይቺን ራሱ ነው የቆረጣት፤ አብራው ትግባ» ያለ ሰው ነው። ሞት የሚወዱትን ሰው ሲወስድ፣ ብቻውን እንዳይሄድ የሆነ ነገር አብሮ መስደድ መፈለግ የየትኛውም ዘመን ሰው ልብ ነው።

ሼኹ ጥቂት ቆዩና፣ «ዱላ የቀሪ ነው» አሉ። ቀጥለውም፣ «ማን ይውሰደው?» ብለው ጠየቁ። የወንድ ልጅ ስም ተጠራ፤ ሳዑዲ ነው። ሌላው ተጠራ፤ እሱም እዚያው ነው። በመጨረሻ አንድ አዛውንት ወደ አጥሩ ጥግ አመለከቱ። የጎረቤት ልጅ እዚያ ቆሞ ነበር፤ አሥራ ሁለት ዓመት ቢሆነው ነው፣ የክርስቲያን ልጅ። የአያቴ ዓይን ከደከመ ወዲህ ዓርብ ዓርብ እጃቸውን ይዞ መስጊድ በር የሚያደርሳቸው፣ ሶላቱ እስኪያልቅ ደጅ ላይ ተቀምጦ የሚጠብቃቸው፣ ውኃም የሚቀዳላቸው እሱ ነበር። አክስቴ ራሷ ሄዳ ዱላውን በእጁ አስያዘችው። ዱላው ከልጁ ቁመት ይበልጥ ነበር።

ውድ ወጣቶች፣ አሁን አንድ ጊዜ ወደ ግብፅ ልመልሳችሁ፤ ከወርቁና ከዞጲው ሁሉ የበለጠብኝን ነገር ያቆየሁት ለዚህ ቦታ ነው። ፕታሆቴፕ በተባለ ሽማግሌ ሹም ስም የተጻፈ ጥንታዊ የምክር መጽሐፍ አላቸው። ሹሙ አርጅቷል፤ ዓይኑ ፈዝዟል፣ ጉልበቱ ከድቶታል። ንጉሡ ዘንድ ቀርቦ «የእርጅና ዱላ» እንዲፈቀድለት ይለምናል። የሚለምነው እንጨት አይደለም። ከጎኑ ቆሞ ሥራውን የሚይዝለት፣ ሲደክም የሚደግፈው፣ ከእሱ በኋላም ቦታውን የሚተካ ልጅ ነው። ግብፃውያን እንዲህ ያለውን ሰው የሚጠሩት በዚሁ ስም ነበር፤ የእርጅና ዱላ።

እኛ «ጧሪ ቀባሪ» እንላለን። አንዲት እናት ልጇን «ምርኩዜ» ስትል ሰምታችሁ ይሆናል። ቋንቋው ይለያይ እንጂ ነገሩ አንድ ነው። ዱላን በመቃብር የደረደሩት እነዚያው ሰዎች እውነተኛው ዱላ ሰው እንደሆነ ያውቁ ነበር። ሰው የሆነው ዱላ ደግሞ ከሟቹ ጋር አይቀበርም፤ ቀብሮ ይመለሳል።

ይህን በሲሪንቃ፣ በመርሳ፣ በወልድያና በቆቦ መንደሮች ማሰብ ቀላል አይደለም። ከሰሜን ወሎ በጅቡቲ በኩል ባሕር ተሻግረው፣ የመንን አቋርጠው ሳዑዲ ለመግባት የሚወጡ ወጣቶች ብዙ ናቸው። በመንገድ የቀሩም አሉ። የሚሄዱት ወላጅ ጠልተው አይደለም። አብዛኞቹ ለወላጅ ጎጆ ቆርቆሮ ለመሥራት፣ ለታናናሾቻቸው ደብተር ለመግዛት ነው የሚሄዱት። የአጎቶቼ ብር ባይኖር ኖሮ የአያቴ መድኃኒት አይገዛም ነበር። እኔም የማወራችሁ ሄዱ ብዬ ለመክሰስ አይደለም። ብር ከሩቅ ይደርሳል፤ እጅ ይዞ ዓርብ ዓርብ መንገድ የሚያሻግር ግን በቅርብ ያለ ሰው ነው። ለዚህ የደም ዘመድ መሆን እንኳ እንዳላስፈለገ የጎረቤቱ ልጅ አሳይቶናል።

በመጽሐፍ ቅዱስም ይህ ታሪክ የሚገናኘው ግብፅ ላይ ነው። ያዕቆብ በወጣትነቱ ዮርዳኖስን ሲሻገር ከዱላው በቀር ምንም እንዳልነበረው ራሱ በጸሎቱ ተናግሯል። በስተርጅናው የሞተው በዚያው ዱላን ከሙታን ጋር በሚቀብሩ ሰዎች አገር ነው። እንደ ግብፅ ወግ 40 ቀን በሽቱ ተሰናዳ፤ 70 ቀን ተለቀሰለት። የግብፅ ባለሥልጣን አባት ነበርና ቢፈልግ በወርቅ የተለበጠ ዱላ ይዞ ሊቀበር ይችል ነበር። እሱ ግን ከመሞቱ በፊት ዮሴፍን ጠርቶ አንድ ነገር ብቻ አስማለው፤ በግብፅ እንዳትቀብረኝ፣ ወደ አባቶቼ መቃብር ውሰደኝ ብሎ። ዮሴፍ ሲምልለት ያዕቆብ ሰገደ። በዘፍጥረት 47 ላይ በአልጋው ራስጌ ይላል፤ የዕብራውያን መልእክት 11 ደግሞ በዘንጉ ጫፍ ላይ እንደተደገፈ ይናገራል። በዕብራይስጥ «አልጋ» እና «በትር» የሚጻፉት በአንድ ዓይነት ፊደላት ነው፤ ልዩነታቸው በአናባቢው ብቻ ነው። ሽማግሌው በአንድ ቀን ሁለት ዱላ ነበረው እላለሁ፤ በእጁ እንጨቱ፣ በፊቱ ደግሞ ዮሴፍ። ወደ ከነዓን ተሸክሞ ያደረሰው ሁለተኛው ነው።

በኢሳይያስ መጽሐፍ የአሦር ንጉሥ መልእክተኛ ግብፅን ራሷን በተቀጠቀጠ የሸምበቆ ምርኩዝ ይመስላታል፤ የሚደገፍበትን ሰው እጅ ይወጋል ብሎ። ሕዝቅኤልም ይህንኑ ምሳሌ ያነሣል። የቱታንካሙንን ሸምበቆ ሳስብ ይህ ቃል ይመጣብኛል። ወርቅ የተለበጠ ሸምበቆ ከሩቅ ሲያዩት ያምራል፤ ክብደት ሲያርፍበት ግን ሸምበቆ ነው። ሰውም እንዲሁ ነው። በቃል የምናምር፣ በመዝሙርና በስብሰባ የምናበራ፣ የደከመ ሰው ሲደገፍብን ግን የምንሰበር ልንሆን እንችላለን። ወይራ ወይራ የሚሆነው በእሳት ተቃንቶ፣ ጭስ ጠጥቶ፣ ዓመታት ታሽቶ ነው።

ስለዚህ በመጪው ሳምንት የወጣቶች ፕሮግራማችሁ ላይ ይህን ጥያቄ አንሡት። በሰፈራችሁ ልጆቻቸው በሩቅ ያሉ፣ ከዱላቸው በቀር የሚደግፋቸው የሌለ ስንት አዛውንት አሉ? በስማቸው ቁጠሯቸው። የቤተ ክርስቲያናችሁ አባል መሆን አለመሆናቸውን አትጠይቁ፤ ያ ልጅም አልጠየቀም። ከዚያ በየትኛው ቀን፣ በስንት ሰዓት፣ ወዴት መሄድ እንደሚፈልጉ ጠይቋቸው። አንዷ ጤና ጣቢያ፣ አንዱ ገበያ፣ ሌላዋ ልጇ የደወለላትን ስልክ የሚያነሣላት ሰው ይሉ ይሆናል። ተከፋፈሉት። ማን ቅዳሜ ጠዋት እማማን ጤና ጣቢያ እንደሚያደርስ ሳትወስኑ ግን ከስብሰባው አትነሡ።